አንዱ ማሞቂያ ሸጠልኝ፣ ሌላው ጨርቅ አወጣልኝ

ጨርቁን አልጣልኩትም። ጋራዣችን ውስጥ ከበረዶ አካፋው ጎን ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ድሮ ሰማያዊ የነበረ፣ ልጃችን በሕፃንነቱ እየጎተተ ያደገበት ብርድ ልብስ ነው። ስምንት የብርድ ወቅት ሙሉ በምድር ቤታችን የአየር ቱቦ ውስጥ ተጠቅጥቆ ኖሯል። የጠቀጠቅኩት እኔ ነኝ።

የምጽፈው የሁለት አገልግሎቶች ግምገማ ነው። አንደኛው ባለፈው ጥቅምት አዲስ የጋዝ ማሞቂያ የገጠመልኝ ድርጅት ነው። ሁለተኛው ከገና በኋላ መጥቶ ያ ማሞቂያና ጎረቤቱ የሆነው የውሃ ማሞቂያ ከየት እንደሚተነፍሱ፣ የተነፈሱትንም የት እንደሚጥሉ የመረመረልኝ ሰው ነው። ስማቸውን አልጽፍም። የመጀመሪያውን የማልጽፈው ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብቻውን የሚሠራ፣ ስልኩን በሦስተኛው ጥሪ የሚያነሳ ሰው ነው፤ ስሙን እዚህ ብጽፈው ጭራሽ ማንሳቱን ይተዋል።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር ጋር ድንበር በምትጋራው፣ ሐበሻ በሚበዛባት በኦሮራ ከተማ ነው። ቤታችን በ1962 የተሠራ የጡብ ቤት ነው፤ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደሴ 11 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፣ አሁን የአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን የማመላልስ ሾፌር ነኝ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ጋዝ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀልላል፣ ሲቀልል ወደ ላይ ይወጣል እያለ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የኖረ ሰው በገዛ ቤቱ ምን እንደሠራ እንድታውቁት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሲመጡ አሮጌው ማሞቂያ 24 ዓመቱን ይዞ ነበር፤ የውስጥ ብረቱም ተሰንጥቋል ተብሏል። አዲሱን በ7,400 ዶላር ገጠሙ። ከሚያቃጥለው ጋዝ 96 በመቶውን ወደ ቤት ሙቀት የሚቀይር ነው፤ አሮጌው ጤነኛ በነበረበት ዘመን እንኳን 80 ቢደርስ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት መጡ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ሄዱ። ጫማቸው ላይ ሰማያዊ ላስቲክ አጥልቀው ነው የገቡት፤ ወለሉን ጠርገው ነው የወጡት። ማሞቂያው ራሱ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላስቸገረኝም፣ ድምፁም ከአሮጌው በእጅጉ ያነሰ ነው። በዕቃው በኩል የምሰጠው ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ያለው በአየሩ ላይ ነው። አሮጌው ማሞቂያ ጭሱን የሚያወጣው በጡቡ የጭስ ማውጫ ነበር፤ ከውሃ ማሞቂያው ጋር በጋራ። አዲሱ ግን ሙቀቱን አሟጦ ስለሚወስድ ከውስጡ የሚወጣው ጭስ ሞቅ ያለ ብቻ ነው፣ እርጥብም ነው። እንዲህ ያለ ጭስ በራሱ ኃይል ጭስ ማውጫ መውጣት አይችልም። ስለዚህ በማራገቢያ እየተገፋ በነጭ የፒቪሲ ፕላስቲክ ቱቦ በጎን ግድግዳ ይወጣል። ሰዎቹ ነጩን ቱቦ አወጡ፣ የድሮውን ቀዳዳ በቆርቆሮ ደፈኑ፣ የውሃ ማሞቂያውን ከዚያ ሰፊ የጭስ ማውጫ ጋር ብቻውን ትተውት ሄዱ። አዲሱ ማሞቂያ የሚያቃጥልበትን አየር ከውጭ የሚያመጣለት ሁለተኛ ቱቦ ሊገጠምለት ይችል ነበር። አልገጠሙለትም። አየሩን ከዚያችው ከቆመባት ክፍል እንዲስብ ተተወ።

ክፍሏ 9 ጫማ በ7 ጫማ ናት፣ ከፍታዋ 7 ጫማ ተኩል። አባዙት፣ 472 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ይመጣል። የአሜሪካ የጋዝ ደንብ እቶኑ አየሩን ከቤት ውስጥ የሚወስድ ከሆነ ለእያንዳንዱ 1,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ ነው) በሰዓት 50 ኪዩቢክ ጫማ የክፍል ስፋት ይጠይቃል። ማሞቂያው 80,000፣ የውሃ ማሞቂያው 40,000፣ ድምሩ 120,000። ስለዚህ የሚያስፈልገው 6,000 ኪዩቢክ ጫማ ነበር። እኔ ያለኝ ከዚያ አንድ አሥራ ሁለተኛውን እንኳን አይሞላም። በሌላ መንገድም ማስላት ይቻላል፦ አንድ ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ በትክክል ለመቃጠል ቢያንስ 10 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይፈልጋል። ሁለቱ ዕቃዎች አብረው ሲነዱ በሰዓት ወደ 120 ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ ይበላሉ፣ ማለትም 1,200 ኪዩቢክ ጫማ አየር። የክፍሏን አየር በሙሉ ለመጨረስ 24 ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ይህ ስሌት የስምንተኛ ክፍል ነው። ሠርቼው አላውቅም ነበር።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ይጀምራል። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ይህችን ሒሳብ ያውቋት ነበርና ክፍሏን ሁለት ነገር ሰጥተዋት ነበር። አንደኛው ከላይ እስከ ታች እንደ መስኮት መከለያ የተሰነጣጠቀ፣ አየር የሚያሳልፍ በር ነው። ሁለተኛው ከውጭ ግድግዳ አየር የሚያመጣ ባለ 6 ኢንች የቆርቆሮ ቱቦ ነው። የእህቴ ልጅ ለትምህርት መጥቶ ምድር ቤት መተኛት ሲጀምር በማሞቂያው ድምፅ እንቅልፍ አጣ። በሩን አንስቼ ድፍን በር ገጠምኩ፣ ዙሪያውን ላስቲክ ለጠፍኩበት። ልጁ ተኛ፣ እኔም ኮራሁ። ቱቦውን ግን ከዚያ በፊት፣ እዚህ ቤት በገባንበት በመጀመሪያው የብርድ ወቅት ነው የደፈንኩት። ውጭ ከዜሮ በታች 15 በሆነበት ሌሊት ከዚያ ቱቦ የሚወርደው ብርድ እግር ያደነዝዛል። ይህን ሞኝ ቀዳዳ ማን ተወው ብዬ ብርድ ልብሱን ጠቅጥቄ በቴፕ አሰርኩት። በኋላ ስሰማ እንዲህ ያደረግኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እዚህ አገር በየምድር ቤቱ ጨርቅ፣ ስፖንጅ፣ አሮጌ ሹራብ የበላ ቱቦ ሞልቷል።

ጥፋቱ የእኔ ነው ካልኩ ለምን ሌላውን እከስሳለሁ? ማሞቂያውን ከገጠሙት አንዱ ሲሠራ ሞቀውና ጃኬቱን አወለቀ። የሰቀለው ያ ቱቦ ላይ ነበር። ብርድ ልብሱ ጫፉ ወጥቶ ይታይ ነበር፤ እኔው ራሴ አይቼዋለሁ። ሰውየው ከጨርቁ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ጃኬቱን ሰቀለና ወደ ሥራው ተመለሰ። 7,400 ዶላር ለከፈለ ሰው «ጌታዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» ማለት ምን ይከብዳል?

በታኅሣሥ እናቴ ከደሴ መጣች። በሁለተኛው ቀን ምድር ቤት ወርዳ ከልጁ ክፍል መስኮት ፊት ቆመች።

«ይህ ቤት ለምን ያልበዋል?» አለች።

መስኮቱ ከታች እስከ እኩሌታው ውሃ ቋጥሮ ነበር። ብርድ ስለሆነ ነው እማዬ፣ አልኳት። መልሱ ስህተት እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። የዚህ አገር አየር በብርድ ወራት ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ነው፤ መስኮት እንዲህ የሚያልበው ከየት አምጥቶ ነው? ጋዝ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሰጣል፤ ያ ውሃ በጭስ ማውጫው መውጣት ሲገባው ቤት ውስጥ እየቀረ ነበር። እናቴ ኬሚስትሪ አልተማረችም። ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከሰል ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሳይቀላ ወደ ቤት አስገብታ አታውቅም፤ በር ዘግቶ ከሰል አጠገብ የተኛ ሰው እንደማይነሳ በሰፈሯ አይታለች። ምድር ቤቱን አልወደደችውም። «ታፍኗል» ብላ ላይ ቤት ሶፋ ላይ ተኛች። እኛ ደረጃው ከብዷት ነው አልን።

የገና ዋዜማ ምሽት እንዴት እንደሆነ ለሐበሻ መንገር አያስፈልገኝም። ጾሙ ሊፈታ ነው፣ ባለቤቴ ከቀትር ጀምራ ሽንኩርት ስታቁላላ ውላለች፣ ዶሮው ገብቷል። ከምድጃችን በላይ ያለው የጭስ መሳቢያ በደቂቃ 600 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይጎትታል ተብሎ የተገዛ ነው፤ የቁሌት ሽታ መጋረጃ ላይ እንዳይቀር ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያዎች ይሠራሉ፣ ነገ የሚለበሰው ነጭ ልብስ ማድረቂያ ውስጥ ይሽከረከራል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ምድር ቤት ኮሪደር ያለው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ የሚያሳውቀው ጠቋሚ አራት አራት ጊዜ መጮህ ጀመረ። የእህቴ ልጅ ከቀትር በኋላ ራሱን ሲያመው ነበር፤ ለፈተና ማጥናቱ ነው ብለናል።

ሁላችንም ወጣን። የእሳት አደጋ ሰዎች በሰባት ደቂቃ ደረሱ። የያዙት መለኪያ ኮሪደሩ ላይ 85፣ የማሞቂያው ክፍል በር ሲከፈት 140 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አየር 140 እጁ መርዙ ነው ማለት ነው) አነበበ። ጋዙን ዘጉ፣ ሁለቱም ዕቃዎች ላይ ቀይ ወረቀት አንጠለጠሉ፣ ለልጁ ኦክስጅን ሰጡት፤ እስኪነጋ ደህና ሆነ። እኛ ወደ ባለቤቴ እህት ቤት ሄድን፤ የዶሮው ድስት በእናቴ ጭን ላይ ሆኖ። ሾፌር ነኝና እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ የነዳሁበትን ቀን አላስታውስም።

ስለ ጠቋሚው አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ከጮኸ አደጋ፣ ካልጮኸ ሰላም ይመስለዋል። እዚህ አገር የሚሸጡት ተራ ጠቋሚዎች መሥፈርታቸው እንዲህ ነው፦ 70 ፒፒኤም ሲሆን ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ይታገሳሉ፤ 150 ሲሆን ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፤ 400 ሲደርስ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ። የልጁ ራስ ምታት ከጠቋሚው የቀደመው ለዚህ ነው። ጋዙ ሽታም መልክም የለውም። ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ ይጣበቃል። በአሜሪካ ከእሳት ቃጠሎ ጋር ሳይያያዝ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰው በዚህ መርዝ እንደሚሞት የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይናገራል። ኮሎራዶ ከ2009 ጀምሮ የነዳጅ ማሞቂያ ያለበት ቤት ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ጠቋሚው ከመኝታ ክፍል በር በ15 ጫማ ርቀት ውስጥ እንዲኖር በሕግ ታስገድዳለች። የእኛው ከልጁ በር 6 ጫማ ላይ ነበር። ሻጩ የቤት ደላላ በሕግ ተገድዶ የሰቀለው ነው እንጂ እኔ አስቤበት አይደለም።

ሁለተኛው ሰው የመጣው በገና ማግስት ነው፤ ከቀጠሮው ሦስት ሰዓት ዘግይቶ። ይቅርታ አልጠየቀም። መኪናው ቆሻሻ ነው፣ ጫማውን ላስቲክ አላለበሰም፣ የባለቤቴን ምንጣፍ ረግጦ ወረደ። እስከዚህ ድረስ ከአምስት አንድ እየሰጠሁት ነበር። ከዚያ ማሞቂያውን እንኳን ሳያይ ዞሮ ጠየቀኝ፦ «ከዚህ ቤት አየር የሚያወጣ ሌላ ነገር ምን ምን አለ?»

በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። የወጥ ቤቱን መሳቢያ ነገርኩት። ቁጥሩን ሲሰማ አፉን አጣምሞ ካርቶን ላይ ጻፈ። ቤታችን 1,300 ካሬ ጫማ ነው፣ ጣሪያው 8 ጫማ፤ 10,400 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይይዛል። መሳቢያው ሙሉ ኃይሉን ቢያገኝ ያን ሁሉ በ17 ደቂቃ ጠጥቶ ይጨርሳል። የወጣው ያህል ከሆነ ቦታ መግባት አለበት። መስኮቱ ዝግ ነው፣ በሩ ዝግ ነው። ከየት ይግባ? ከ400 በላይ የሚስብ መሳቢያ ሲገጠም ምትክ አየር የሚያስገባ መንገድ አብሮ እንዲሠራ የቤት ግንባታ ደንቡ ይላል። የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ደንብ አላነበብኩም።

ፈተናውን ሲሠራ እየተከተልኩ ነበር የዋልኩት፤ እንደ ተማሪ። የውጭ በርና መስኮት ሁሉ ተዘጋ። አንድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ወደ ውጭ ዘርግቶ ግፊት ከሚለካ ትንሽ መሣሪያ ጋር አያያዘ። የእሳት አደጋ ሰዎቹ የዘጉትን ጋዝ ለፈተናው ብቻ ከፈተ። መጀመሪያ አዲሱን ማሞቂያ ብቻ አበራ፤ የክፍሏ የአየር ግፊት ከውጭው በ4 ፓስካል ዝቅ አለ። ከዚያ ማድረቂያውን፣ ማራገቢያዎቹን፣ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ጨመረ፤ 7 ደረሰ። ብቻውን በጭስ ማውጫ ለሚኖር የውሃ ማሞቂያ ከ2 ማለፍ እንደሌለበት ነገረኝ። ፓስካል ማለት ኢምንት ነገር ነው፤ አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ የሚጫነው ግፊት አንድ ፓስካል እንኳን አይሞላም። ነገር ግን የሞቀ ጭስን ወደ ላይ የሚያነሳውም ኃይል እንዲሁ ኢምንት ነው። ሁለት ደካሞች ሲጎተቱ ትንሽ የበረታው ያሸንፋል።

የውሃ ማሞቂያውን አቀጣጠለና አምስት ደቂቃ ጠበቀ። ከዕቃው አናት ላይ እንደ ትንሽ ጃንጥላ የተቀመጠ ቆርቆሮ አለ፤ ጭሱ በዚያ ስር አልፎ ወደ ቱቦው ይገባል። ነጭ ጭስ የሚተፋ ብዕር የመሰለ ነገር አምጥቶ ከጃንጥላው ጠርዝ አስጠጋ። ጭሱ ወደ ውስጥ ተስቦ መውጣት ነበረበት። እንደ ፀጉር ተበትኖ ወደ ፊታችን ተመለሰ። ሰውየው ምንም ሳይል ባትሪውን ወደ ታች አበራ። በሙቅና በቀዝቃዛ ውሃ ቱቦዎቹ ሥር ያሉት ቀይና ሰማያዊ የፕላስቲክ ቀለበቶች እንደ ሻማ ቀልጠው ነበር፤ በዙሪያቸው ያለው ቆርቆሮም ዝጓል። ይህ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም። ከጥቅምት ጀምሮ ትኩሱ ጭስ እዚያ ላይ እየፈሰሰ ከርሟል።

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ደስ አለኝ፤ ደስታ የሚገባበት ቦታ ባይሆንም። ክፍሏ በድፍን በር ተዘግታለች፣ የአየር ቱቦዋ በብርድ ልብስ ታፍኗል። አዲሱ ማሞቂያ ማራገቢያ አለውና የግድ አየር ይስባል። ለክፍሏ የቀረላት ክፍት ቀዳዳ አንድ ብቻ ነበር፤ ጭስ ማውጫው። ስለዚህ ማሞቂያው የሚተነፍሰው በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ታች ነበር ማለት ነው፤ የውሃ ማሞቂያው ደግሞ በዚያው ወደ ላይ ሊተነፍስ ይታገላል። የውሃ ማሞቂያው የገዛ ጭሱን መልሶ ሲተነፍስ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ሰማያዊ መሆን ያለበት ነበልባል ይዛላል፣ ጋዙ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚመጣው ያኔ ነው።

ጭስ ማውጫው ራሱም ሌላ ጣጣ ነበረበት። የሸክላው ውስጠኛ ስፋት 67 ካሬ ኢንች ገደማ ነው። የውሃ ማሞቂያው አፍ ባለ 3 ኢንች ስለሆነ ስፋቱ 7 ካሬ ኢንች ብቻ ነው፤ ጭስ ማውጫው ከዚያ ከሰባት እጥፍ፣ ማለትም ከ49 እንዳይበልጥ ደንቡ ይከለክላል። ድሮ ትልቁ ማሞቂያ ሲያሞቀው ሁለቱም ይወጡ ነበር። ትልቁ ሲሄድ ትንሹ በዚያ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ጭሱ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፣ አሲድ ያለበት ውሃ ሆኖ ጡቡን ይበላል። በሙያው ሰዎች ቋንቋ እንዲህ የቀረውን የውሃ ማሞቂያ ወላጅ አልባ ይሉታል። ስሙን ወድጄዋለሁ።

ከዚያ ወደ ቱቦው ሄደ፣ ቴፑን ቀደደ፣ ብርድ ልብሱን ስቦ አወጣ፣ ዘርግቶ አየው፣ አጠፈው፣ ሰጠኝ። አንድ ቃል አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ለማሞቂያው ሁለተኛ የፒቪሲ ቱቦ ከውጭ ሳበለት፤ አሁን አየሩንም ከውጭ ያመጣል፣ ጭሱንም ወደ ውጭ ይጥላል፣ ከቤቱ አየር ጋር ጉዳይ የለውም። የመጀመሪያዎቹ ያወጡት ነጭ ቱቦ ከመሬት 8 ኢንች ላይ ነበር፤ ማጠፊያ ጨምሮ ከፍ አደረገው። ዴንቨር ላይ በመጋቢት 2021 በአንድ ቅዳሜና እሑድ 27 ኢንች በረዶ እንደወረደ ላየ ሰው 8 ኢንች ቀልድ ነው። ቱቦው ወደ ማሞቂያው መልሶ በየጫማው ሩብ ኢንች እንዲያዘቀዝቅም አስተካከለው፤ ውስጡ የሚቋጠረው ውሃ ተኝቶ እንዳይቀዘቅዝ። በጡቡ ጭስ ማውጫ ውስጥ ለውሃ ማሞቂያው ልክ የሆነ ተጣጣፊ የብረት ቱቦ ከጣሪያ አወረደ፤ ለዚህ የከተማው ፈቃድ ወጥቶለታል፣ ተቆጣጣሪም መጥቶ አይቶታል። የከፍታውን ነገርም አልረሳም። ባለንበት ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ የተለመደው ስሌት ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ጫማው የእቶኑን ኃይል 4 በመቶ ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዴንቨር 1,609፤ ስስ አየር ለእኔ አዲስ አይደለም ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም።

በሩ ይነቀላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የልጁ እንቅልፍ እንደገና ሊሄድ። አልነቀለውም። አሁን ከክፍሏ አየር የሚወስደው የውሃ ማሞቂያው ብቻ ነው። ከውጭ በአንድ ቀዳዳ ለሚመጣ አየር ለእያንዳንዱ 3,000 ቢቲዩ አንድ ካሬ ኢንች ያስፈልጋል፤ ለ40,000 ከ13 ትንሽ ይበልጣል። የእኔ ቱቦ 28 አለው፣ አፉን ደግሞ ደንቡ እንደሚለው ወደ ጣሪያው አስጠጋው። እንዲያውም ድፍኑ በር ክፍሏን ከወጥ ቤቱ መሳቢያ ጉልበት ስለሚለያት ጠቃሚ ሆኗል። ብርዱስ? ክፍሏ ትበርዳለች፤ ትብረድ። የውሃ ቱቦዎቹን በስፖንጅ ጠቀለለልኝ። በመጨረሻ ያንኑ ፈተና ደገመ፦ ሁሉም ማራገቢያ በርቶ ክፍሏ ከውጭው በአንድ ፓስካል ብቻ ዝቅ አለች። የብዕሩ ጭስ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጃንጥላው ስር ገብቶ ጠፋ።

ዋጋው ይህ ነው፦ ምርመራው 240 ዶላር፣ የአየር ቱቦው 380፣ የጭስ ማውጫው ውስጠኛ ቱቦ ፈቃዱን ጨምሮ 1,350፣ የቀረው ጥቃቅን 210። ድምሩ 2,180። የውሃ ማሞቂያውን በኤሌክትሪክ መተካት ጭስ የሚባል ነገር ጨርሶ ያስቀር ነበር፤ ግን የመብራት ሳጥናችን ሞልቷል፣ እሱን ማስፋት ሌላ ብዙ ሺህ ነው። ዕድሜው ሲያልቅ አስብበታለሁ።

ሁለተኛውን ሰው እንከን የለሽ አላደርገውም። ማርፈዱን ነግሬያችኋለሁ። ደረሰኙ በእጅ የተጻፈ ነው፣ 7ቱን ከ1 ለመለየት ደወልኩለት። የውጭውን ግድግዳ ቀዳዳ የደፈነበት ማጣበቂያ እንደ ልጅ አፍንጫ ተዝረክርኳል። ካልጠየቃችሁት አያስረዳም፣ ስትጠይቁት ግን ብዕሩን አስቀምጦ ያስረዳል። ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿ ለባለቤቴ ምንጣፍ ናት። የመጀመሪያው ድርጅት ለዕቃው አምስት፣ ለአየሩ አንድ፤ አማካዩን እናንተ አውጡ።

ከዚያ ወዲህ የካርቦን ሞኖክሳይድን መጠን ከዝቅተኛው ጀምሮ በቁጥር የሚያሳይ ሌላ መለኪያ ገዝቼ ሳሎን ሰቅያለሁ። ትልቁ ተጎጂ እናቴ ናት። በመጋቢት አንድ እሑድ ከውጭ በደንብ የተቀጣጠለ ፍም አስገብታ ጀበናዋን ጣደች፤ ፍሙ እንደ ሮማን ቀልቶ ነበር፣ ጭስ የለውም። መለኪያው በሃያ ደቂቃ ውስጥ 38 አለ። የቀላ ፍም ጭሱን ነው የሚተወው እንጂ መርዙን አይተውም፤ ይህን ለእናቴ ማስረዳት ከፓስካል ከብዶኛል። አሁን ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፣ ወጥ ሲሠራም የወጥ ቤቱ መስኮት አራት ጣት ያህል ክፍት ነው። እናቴ ቡናው ቡና አይልም ትላለች፤ ምድር ቤት ግን አሁን ወርዳ ትተኛለች። መስኮቱ ደርቋል።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ድርጅት በ89 ዶላር ዓመታዊ ምርመራ ሊያደርግልኝ እንደሚፈልግ መልእክት ላከ። ምን ምን እንደሚመረምሩ ጠየቅኩ። ማጣሪያ መቀየርና ማጽዳት ነው አሉኝ። የልብስ ማድረቂያውን ታበራላችሁ ወይ ብዬ ጻፍኩላቸው። እስካሁን አልመለሱም።